የዓለም ታሪክ በጠመኔ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ። ሰባተኛ ክፍል የሆነች ልጄ የዓለም ታሪክ ስታጠና ሳያት አንጀቴ ያርራል፣ ስምና ዓመተ ምህረት ትሸመድድና ፈተናው ሲያልቅ ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋል። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም እኮ!

ባለፈው ግን አስተማሪያቸው ዴስኮቹን ጥግ አስይዞ ወለሉ ላይ በጠመኔ ትልቅ የአፍሪካ ካርታ ሳለና ከፊሎቹን የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የቤልጂየም ተወካይ አደረጋቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1884/85 አፍሪካን ስለመቀራመት የተመከረበት የበርሊን ጉባኤ ማለት ነው፣ የቀሩትን አፍሪካውያን ናችሁ ብሎ በር ላይ አቆማቸው፣ መናገር ክልክል። የኔዋ በር ላይ ነበረች። ማታ "እማዬ፣ ስለኛ ሲወስኑ ማንም አልጠየቀኝም" ብላ እንዴት እንደተናደደች! 14 አገሮች ተቀምጠው አንድም አፍሪካዊ እንዳልተጠራ ከዚህ በኋላ ማን ያስረሳታል? (ጉባኤው የቅርምቱን ደንብ ነው ያወጣው፣ አብዛኛው ድንበር የተሰመረው በኋላ ነው፣ እሱንም አስረድቷቸዋል፣ ተባረክ ብያለሁ።)

እኛ ጋ ደግሞ ምን ጠፍቶ፣ ቡናው ደጃችን ነው። ከየመኑ ሞካ ወደብ ወደ ኢስታንቡል፣ ከዛ እ.ኤ.አ. በ1652 ቡና ቤት እስከተከፈተባት ለንደን ድረስ መንገዱን ካርታ ላይ በክር ቢከተሉት የዓለም ንግድ ቁልጭ ብሎ ይገባቸዋል። የአባ ጅፋር ቤተመንግሥትም ጅሬን፣ እዚሁ አፍንጫችን ስር።

ርዕሳነ መምህራን እባካችሁ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ልቀቁ፣ ፈተናው ላይም "መቼ" ብቻ ሳይሆን "ለምን" የሚል ጥያቄ ይግባበት።

አንዲት እናት፣ ከጅማ