ስንጥቁን ‹ሞቷል› ብላችሁ አትቅበሩት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ናችሁ። ባለፈው ስለ ተራሮች አፈጣጠር ያወጣችሁትን ጽሁፍ ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ቦታ ስደርስ ዝም ማለት አላስቻለኝም። ድሮ መሬት ተጎትቶ ስምጥ ሸለቆ ሲሆን የተፈጠሩ ስንጥቆች ‹ሞተዋል፣ ታሪክ ብቻ ናቸው› ብላችኋል። ኧረ አልሞቱም! እንደውም ተራራ መሰራት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚነቁት እነሱ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ መሬት ወዲህና ወዲያ ሲጎተት ቅርፊቱ እየሳሳ ይሄድና ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁ ባንዱ በኩል ያለው አለት ቁልቁል ይንሸራተታል፣ ጎድጓዳውን ደግሞ ደለል ይሞላዋል። ስንጥቁ ጋ ያለው ጎን የበለጠ ስለሚሰምጥ ደለሉ እዛ ይወፍራል፣ ራቅ ሲል ይሳሳል፣ በቃ እንደ ሽብልቅ። ከዛ ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት አልፎ አህጉሮች መገፋፋት ሲጀምሩ መሬቱ አዲስ ቦታ ከሚሰበር በድሮው ስብራቱ መሄድ ይቀለዋል፣ ያ ወርዶ የነበረው አለትም በወረደበት መንገድ ሽቅብ ይመለሳል። ጂኦሎጂስቶች ኢንቨርዥን ይሉታል፣ ግልበጣ እንበለው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ታሪክ አለቱ ላይ የሚነበብበት መንገድ ነው። ለምሳሌ አለቱ 1000 ሜትር ወርዶ ኋላ 400 ሜትር ቢመለስ፣ የታችኛው ንብርብር ገና 600 ሜትር ዕዳ አለበት፣ ስንጥቁ ካረፈ በኋላ የተነጠፈው የላይኛው ግን 400 ሜትር ከፍ ብሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ያው አንዱ ስንጥቅ ከታች ስታዩት ‹ወርዷል› ከላይ ስታዩት ‹ወጥቷል› ያስብላል፣ መሀል ላይ ደግሞ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ ጭራሽ ያልተነቃነቀ የሚመስል ነጥብ አለ። የስንጥቁን ገጽ በቅርብ ካያችሁት አለት ካለት ጋር እየተፋጨ እንደ መስታወት ለስልሶ ጭረት በጭረት ሆኗል፣ አንዳንዴም የኋለኛው ጭረት በፊተኛው ላይ አቋርጦ ሲያልፍ ይታያል።

በርግጥ አንድ ነገር ልመንላችሁ። ሁሉም አሮጌ ስንጥቅ አይነሳም። በጉተታ ጊዜ የሚፈጠረው ስንጥቅ ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ገደል ነገር ነው፣ በግፊት ጊዜ የሚፈጠረው ግን 30 ዲግሪ አካባቢ ተኝቶ ነው የሚመቸው። 60 ዲግሪ ላይ አለትን ሽቅብ መግፋት ቀላል አይደለም፣ ሰበቃው ይይዘዋል። ታዲያ ለምን ይሄዳል ካላችሁ፣ አንደኛ ስብራቱ ውስጥ የደቀቀና ወደ ሸክላ የተለወጠ ደካማ ነገር አለ፣ ሁለተኛ ጥልቀት ላይ የታመቀ ውሃ ግፊቱ ሲያይል ሁለቱን ግድግዳዎች ስለሚያላቅቃቸው ሰበቃው ይቀንሳል። ያም ሆኖ እምቢ ካለ መሬቱ ከስር አቋራጭ ይቆርጥና ገደላማውን ክፍል ትቶት ያልፋል።

ምሳሌ ሞልቷል። ከፍተኛው አትላስ የሚባለው የሞሮኮ ተራራ ትሪያሲክና ጁራሲክ በሚባሉት የዳይኖሰር ዘመናት ስምጥ ነበር፣ ዛሬ ቱብቃል የሚባለው ጫፉ 4167 ሜትር ነው። በፈረንሳይና በስፔን መሀል ያለው የፒሬኒስ ተራራም ከመነሳቱ በፊት፣ ክሪቴሺየስ በሚባለው የዳይኖሰሮች የመጨረሻ ዘመን ክፉኛ የተለጠጠ ቦታ ነበር። ስለ ኢራኑ የዛግሮስ ተራሮች ደግሞ የምድር ሳይንስ ተመራማሪው ጄምስ ጃክሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ከተራሮቹ ስር የሚነሳው ርዕደ መሬት በጉተታ ዘመን የተፈጠሩ ስንጥቆች ተገልብጠው ሲሰሩ ነው የሚል ሃሳብ አቅርቧል።

‹ሞተ› የሚለው ቃል የሚያናድደኝ ግን በነዚህ ብቻ አይደለም። ህዳር 11 ቀን 2019 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ደቡብ ፈረንሳይ ለ ቴይ የምትባል ከተማ አጠገብ 4.9 ማግኒቲውድ የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሳ፣ ጥልቀቱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለነበር መሬቱ ላይ ሳይቀር ተሰንጥቆ ታየ። የተንቀሳቀሰው ኦሊጎሲን በሚባለው፣ ዳይኖሰሮች ከጠፉ በኋላ በመጣ ዘመን፣ በጉተታ የተፈጠረ ላ ሩቪየር የሚባል ስንጥቅ ነው፣ ያኔ ወደ ታች ነበር የሄደው አሁን ወደ ላይ ሄደ፣ ንቁ ስንጥቅ ነው ብሎ የጠረጠረውም አልነበረም። ብዙም ሳይርቅ ያለው የክሩዋስ የኒውክሌር ጣቢያ ለፍተሻ ቆመ። በምዕራብ ህንድ ካች በሚባል አካባቢ ደግሞ፣ ከሂማላያ ያን ያህል ርቆ፣ በዳይኖሰር ዘመን ስምጥ የነበረ ቦታ ጥር 26 ቀን 2001 በፈረንጆቹ ወደ 20,000 ሰው የጨረሰውን የቡጅ ርዕደ መሬት አስነሳ፣ እሱም በግፊት የተነሳ ነው፣ ስንጥቁ ደግሞ መሬት ላይ እንኳን አልወጣም።

ስለዚህ እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ‹ሞተዋል› የምትለዋን ‹አርፈዋል› በሏት፣ ከዛ በላይ አልጠይቅም። ስዕሉን ግን አስተካክሉት፣ ከስንጥቁ አጠገብ ያለችው ቀስት ወደ ታች ታመለክታለች፣ ለስምጥ ሸለቆው ዘመን ልክ ናት፣ ከስሩ የጻፋችሁት ግን ‹ተራራው ሲሰራ› ነው የሚለው፣ ገልብጧት።

አንድ አንባቢያችሁ