«ታይገርሚልክ» የ1999 አልበም አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ግላስጎው ከተማው ባንድ ቤል ኤንድ ሰባስቲያን ባወጣችሁት ጽሑፍ የመጀመሪያ አልበማቸው በ1999 እንደታተመ ተገልጿል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ የዳግም ኅትመቱ ዓመት ነው። «ታይገርሚልክ» የወጣው በ1996 ሲሆን አሳታሚው በስቶው ኮሌጅ የሙዚቃ ንግድ ተማሪዎች የሚመሩት ኤሌክትሪክ ሃኒ ነበር። ተማሪዎቹ በየዓመቱ የሚያሳትሙት አንድ ነጠላ ዜማ ነበር፤ የባንዱ ድምፃዊና ዘፈን ደራሲ ስቱዋርት መርዶክ ግን ዘፈን ተርፎት ስለነበር ሥራው ወደ ሙሉ አልበም አደገ።

የታተመው በሸክላ ብቻ፣ ያውም 1,000 ቅጂ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ሲዲ ይዞ «የመጀመሪያው ኅትመት ነው» ቢላችሁ አትመኑት። የ1999ኙ ኅትመት ጂፕስተር የተባለው አሳታሚ ነው ያወጣው፤ ገዢ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የአሳታሚውን ስም ይመልከት።

ሌላው የተዘለለው የ1997 ሥራቸው ነው። በዚያ ዓመት አልበም አላወጡም፤ ሦስት አጫጭር ስብስቦች ግን አውጥተዋል። አብዛኞቹ ዘፈኖች በአልበሞቹ ውስጥ ስላልተካተቱ አልበም ብቻ የሚከታተል አድማጭ ያመልጡታል። አንደኛው፣ «ዶግ ኦን ዊልስ»፣ ከ«ታይገርሚልክ» በፊት የተቀዱ የሙከራ ቅጂዎችን የያዘ ነው። ሦስቱም በ2005 በወጣው ድርብ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ።

በ2003ቱ አልበም የተሰማውን የድምፅ ለውጥ የባንዱ አባል ኢሶቤል ካምቤል በ2002 ከመልቀቋ ጋር ብቻ ማያያዛችሁም ጎደሎ ነው። አልበሙን ፕሮዲዩስ ያደረገው ትሬቨር ሆርን ነው። የጠራው ቅጂና የደመቀው ቅንብር የእሱን እጅ ያሳያል፤ ለእኛ ጆሮ ግን የ1996ቱ ሻካራ ቅጂ ይበልጣል።