ከሐረር ለሰናይት

ይድረስ ለውድ ወዳጄ ለሰናይት፣

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል አቦ? በመካከላችን ያለው የደንገጎ ቁልቁለት ብቻ ሆኖ ሳለ ሁለት ክረምት ሙሉ መጠፋፋታችን ቆጭቶኛል። ትንኝ የምታስተላልፈውን የዴንጊ ትኩሳት ሕሙማን ለዓመት ተከታትለሽ አንቲቦዲያቸውን፣ ማለትም ሰውነታቸው ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን ፕሮቲን፣ ልትለኪ መሆኑን ስሰማ ግን እስክንገናኝ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ናሙናው ከተለካ በኋላ የሚታረመው ጥቂት ነውና።

ከሁሉ በፊት የምለምንሽ የአንድን ሰው ናሙናዎች በሙሉ አንድ ፕሌት (ባለ ብዙ ጉድጓድ የመለኪያ ሰሌዳ) ላይ እንድታሳርፊ ነው። የመስከረሙን ደም በመስከረም፣ የጥሩን በጥር ከለካሽ ልዩነቱ ከሰውየው ይምጣ ከኤላይዛው (ከአንቲቦዲ መለኪያው) ኪት የትኛውም ሶፍትዌር አይለይልሽም። ሴረሙን፣ ማለትም ከደሙ የተለየውን ፈሳሽ፣ ደጋግሞ እንዳይቀልጥ በትናንሽ ቱቦ ከፋፍለሽ በ-80 ዲግሪ አቆዪና ዓመቱ ሲሞላ ለኪ። ስሌቱም ይገጥማል፦ ሲመዘገቡ፣ ከዚያም በ7፣ በ28፣ በ90፣ በ180 እና በ365 ቀን የተወሰዱት 6 ናሙናዎች ሁለት ሁለቴ ሲለኩ 12 ጉድጓድ ይሞላሉ፤ ይህ የባለ 96ቱ ፕሌት አንድ ረድፍ ነው። በአንድ ፕሌት 6 ሰው፣ የቀሩት 2 ረድፎች ለማነጻጸሪያዎቹ፣ ለስታንዳርድና ለኮንትሮል። በረድፉ ውስጥ ግን ቀኖቹን በዕጣ አቀያይሪያቸው። የዳር ጉድጓዶች ሙቀታቸውም ትነታቸውም ከመሃሉ ይለያል፤ የመጀመሪያው ናሙና ሁልጊዜ 1ኛው ዓምድ ላይ ከተቀመጠ የዳሩ ስህተት የጊዜ ለውጥ መስሎ ይወጣል።

አማካዩን በሎግ አውጪ። የአራት ሰዎች ልክ 40፣ 80፣ 160 እና 5120 ቢሆን ተራ አማካያቸው 1350 ነው፤ ሦስቱ ሰዎች አጠገቡም አይደርሱም። በሎግ የሚወጣው ጂኦሜትሪክ አማካያቸው ግን 226 ገደማ ነው። ከመለኪያው ወሰን በታች የወጣውን ዜሮ አታድርጊው። ጥቂት ከሆኑ የወሰኑ ግማሽ ያስኬዳል፤ ሲበዙ ግን መውረዱን ያለዝበዋልና «ከዚህ በታች ነው» የሚለውን እንዳለ የሚቀበል የቶቢት ሞዴል ተጠቀሚ።

ወር ከወር ማወዳደሩን ትተሽ የእያንዳንዱን ሰው መነሻና አወራረድ የሚይዝ ሚክስድ ሞዴል ያዢ። ቀኑን ከሕመሙ መነሻ ቁጠሪ፤ በ90 የተቀጠረ በ104 ቢመጣ 104 ብለሽ አስገቢ። አንድ ቀጥ ያለ መስመር አይበቃሽም። የአይጂጂ (ከሕመሙ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው አንቲቦዲ) ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 3 ሳምንት ገደማ ቢሆንም መቅኔ ውስጥ የተቀመጡ ሕዋሳት ማምረታቸውን ስለማያቆሙ መጠኑ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላ በዝግታ ይወርዳል። ስለዚህ መስመሩ የሚታጠፍበት ቦታ ይኑረው። አንድ ቀጠሮ ያለፈውን ሰው አታውጪው፣ ሞዴሉ ባለው ይሠራል፤ ለምን እንደቀረ ግን መዝግቢ።

ድሬ ላይ ደግሞ የባሰ ጣጣ አለ። ከ2006ቱ ወረርሽኝ ወዲህ ቀድሞ የተያዘ ሰው ብዙ ሊሆን ይችላል። ዳግም የተያዘ ሰው አይጂጂው ቶሎና በጣም ከፍ ይላል፤ ከአዲሶቹ ጋር ከቀላቀልሽው ማንንም የማይመስል ኩርባ ታገኛለሽ። በመጀመሪያው ናሙና አይጂኤም (አዲስ ሲያዙ ቀድሞ የሚወጣው አንቲቦዲ) እና አይጂጂ አይተሽ ለያቸው። የቢጫ ወባ ክትባት ወስደው እንደሆነም ጠይቂ፤ የሁለቱ አንቲቦዲ ኤላይዛው ላይ ይምታታል።

የመጀመሪያውን ፕሌት ከመጫንሽ በፊት አደራደሩን ላኪልኝ፣ አብረን እንየው። ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ወዳጅሽ፣ ከጀጎል