ይድረስ ለወንድሜ ለሚኪ

ሚኪዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እናትህስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራና ኑሮ አጠፋፋን እንጂ አንተን የምረሳ ሰው አይደለሁም።

ሰሞኑን ስካይሪምን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጌም ቢሆንም ሄልገን በምትባለው ከተማ እስረኛ ሆነን ለመቀላት የምንቀርብበት መግቢያው ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። ስለ ኢምፓየሩ ወታደር ስለ ሃድቫር «ምን ያድርግ፣ የታዘዘ ወታደር ነው» ትለኝ የነበረውን አስታወስኩ። አሁንም አልዋጥልኝ አለ።

እስቲ ቦታውን ልብ ብለህ እየው። እስረኞቹ ከጋሪ ይወርዳሉ፤ ሃድቫር ዝርዝሩን ይዞ ስም ይጠራል። የፈረስ ሌባው ሎኪር «እኔ አማፂ አይደለሁም» ብሎ ሲሮጥ በቀስት ይጥሉታል። ከዚያ የእኛ ተራ ይደርሳል። ሃድቫር ዝርዝሩን ቢያይ ስማችን የለም። ሻምበሏን ምን እናድርግ ብሎ ይጠይቃል። እሷ ዝርዝሩን ተወው፣ ይቀላ ትላለች። እሱም እሺ ብሎ ወደኛ ይዞርና ይቅርታ ይጠይቃል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ይቅርታ ነው። ለሻምበሏ እስረኛ ሁሉ አንድ ነው። እሱ ግን ለይቷል፤ ያለ ፍርድ የሚሞት ሰው እንዳለ ከዚያ ሁሉ ወታደር መሃል አፍ አውጥቶ የተናገረ እሱ ብቻ ነው። አውቆ ነው የተወን።

ሰይፍ ይምዘዝ አላልኩም። ግን የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ቱሊየስ እኮ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሟል! «ጌታዬ፣ የዚህ ሰው ስም የለም» ማለት ምን ያህል ይከብዳል?

ፈሪ ነው እንዳልል፣ አልዱዊን የሚባለው ዘንዶ ከተማውን ሲያነደው ሃሚንግ የሚባለውን ልጅ ወደ ራሱ እየጠራ ከእሳቱ ለማትረፍ የሚጣጣረው እሱ ነው። ይሄ ያንተ ጠንካራ ማስረጃ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን እዚህ ላይ ነው የባሰብኝ፤ ዘንዶ ፊት ያልራደ ሰው ሻምበል ፊት ምላሱ ተሳሰረ። ምሽጉ ውስጥ ማሰቃያ ክፍሉ ስንደርስም ያው ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ባያስፈልገን ብሎ ያዝናል፣ አልፎ ይሄዳል። ሪቨርውድ መንደር ወደ አጎቱ ወደ አንጥረኛው አልቮር ቤት ሲወስደን ደግሞ ሊቀላን የነበረውን ጦር ሶሊቲዩድ ከተማ ሄደን እንድንቀላቀል ይመክረናል። ይሄን ሲል ፊቱ ላይ ቅር ያለው ነገር አይታይም።

እኔ ዘንድሮም ከአማፂው ከራሎፍ ጋር ነው ምሽጉ ውስጥ የገባሁት። አንተ ከሃድቫር ጋር እንደምትገባ አልጠራጠርም፤ ብቻ ስለ ቱሊየስ የምትለኝን ቶሎ ጻፍልኝ። እናትህን ሳምልኝ።

ወንድምህ ዳዊት