በብርድ ወራት ከመሸ በኋላ መጓዝ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በብርድ ወራት ቀኑ ሲያጥር ብዙ ሰው የእግር ጉዞውን እስከ ሞቃቱ ወቅት ማቋረጡ ያሳዝነኛል፤ ከመሸ በኋላ ስጓዝ ያገኘሁትን ጸጥታ በቀን አግኝቼው አላውቅምና። በሰሜናዊው የምድር ክፍል በታኅሣሥ አካባቢ የምትወጣው ሙሉ ጨረቃ በሞቃቱ ወቅት ፀሐይ የምትደርስበትን ያህል ከፍ ብላ ስለምትሄድ፣ በረዶ የሸፈነው መሬትም ብርሃኗን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ገላጣው መንገድ ያለ መብራት ይታያል። ዓይን ግን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ነጭ መብራት ድንገት ቢበራበት ደግሞ እንደገና መጀመር አለበት፤ ስለዚህ ካርታ ለማንበብ ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ይሻላል።

ጥንቃቄው በእርግጥ ቀላል አይደለም። ብርድ የባትሪን ኃይል ስለሚያዳክም መለዋወጫውን ከሰውነት አጠገብ በውስጥ ኪስ መያዝ፣ ላብ የሚይዘውን የጥጥ ልብስ ትቶ ሱፍ ደራርቦ መልበስ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ የሚሄዱበትን መንገድና የመመለሻውን ሰዓት ለቤተሰብ መንገር ያስፈልጋል። ጀማሪ በቀን አሳምሮ የሚያውቀውን አጭር መንገድ ቢመርጥ እመክራለሁ (እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነበር)። ጋዜጣችሁ ስለ እግር ጉዞ ሲጽፍ ለምሽቱም ቦታ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ