ለእትዬ፣ ከቶሮንቶ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱንም ለምጄዋለሁ። ሰላምታውን ባሳጥረው አትቆጪኝ፤ በሠርጉ ዕለት ስልኩ ጆሮሽ ላይ ከተቋረጠ ሁለት ወር ሊሞላ ነው።

ለሠርጉ የላክሁት 60 ሺህ ብር መድረሱን ሙሽሪት ነግራኛለች። አንቺ ግን አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም። «ብር ልከህ ልትገላገለን ነው?» ስትይኝ ያመመኝ እውነት ስላለበት ይሁን ስለሌለበት እስካሁን አልለየሁትም። ያልመጣሁት ግን የልምምድ ሰዓቴን ካላሟላሁ ዓመቱን ስለምደግም ነው። (ትኬቱም ተወዷል፤ እሱን ተዪው።)

ትምህርቴ ምክር ነው ስልሽ «ምክር ከእማዬ መቼ አጣህ?» ብለሽ ስቀሽብኛል። መምከርስ አይደለም። ካርል ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1957 እንደጻፈው፣ የተጨነቀ ሰው የሚለወጠው ከሚያነጋግረው ባለሙያ ጋር ባለው ግንኙነት ነው፤ ባለሙያው ሳይፈርድ ሲቀበለው፣ ሕመሙን በእሱ ቦታ ሆኖ ሲረዳለት፣ ራሱንም ሳይደብቅ ሲቀርበው። ሁለቱን ከቤት ይዤ መጥቻለሁ፤ እማዬ ቡና አፍልታ የጎረቤቱን ብሶት ስትሰማ አይደል ያደግነው? የከበደኝ ሦስተኛው ነው።

ባለፈው ወር የማነጋግረው አንድ ሰው ተቀይሞኝ ዝም አለ። (ማንነቱን አልነግርሽም፤ እንደ ንስሐ አባት ነን።) በጨዋታ ላልፈው ሞከርሁ። አሠልጣኜ «ሰውየው ምን ሆነ?» አላለችኝም፤ «በመካከላችሁ ምን ተፈጠረ? ያንተስ ድርሻ?» አለችኝ። እነርሱ ዘንድ ቅያሜ ሲመጣ ሥራው ተበላሸ አይባልም፤ አንሥተው ከተነጋገሩበት ከሕክምናው ይቆጠራል። በሳምንቱ «ሰዓቴን ስመለከት አይተኸኝ ነበር?» አልሁት። አይቶኛል። ከዚያ በኋላ ወሬው አላለቀም። በአውቶቡስ ስመለስ አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ ለእርሱ ያልሁትን ለአንቺ አላልሁም።

እንግዲህ ስሚኝ፦ ያን ዕለት መስመሩ አልተቋረጠም። ከዳሱ እልልታው ሲሰማኝ አለቀስሁ፤ እንዳትሰሚኝ ዘጋሁት።

ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግርሽም። ስወጣ ገና ያልተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ቆመው ሲሥቁ! ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ ስትራመድ ልክ እማዬን። ሐይቁ ዳር የተነሡት ላይ ደግሞ እርሷን ትቼ ከኋላዋ የሚያልፈውን የደንገል ታንኳ ስከተል ነበር። እዚህም ሐይቅ አለ፤ ኦንታሪዮ ይሉታል፤ ከጣና ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ደንገል ደንገል አይሸትም። ባልየውስ እንዴት ነው? ዝምተኛ ይመስላል፤ ይጫወታል?

የእማዬ ግፊት ስንት ነው? «ደህና ናት» አትበይኝ፤ ቁጥሩን ጻፊልኝ። ትንሽ ሲሻላት ክኒኑን እንደምትተወው አውቃለሁ። ወጡ ላይ ጨው ቀንሺባት፤ ብትቆጣም እኔ ነኝ ያልሁት በያት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው ሲቀርብ እደውላለሁ። እባክሽ ስልኩን ለልጆቹ አትስጪ፤ አንቺው አንሺው።

ወንድምሽ