የልብ መድኃኒት ከነምልክቱ ይሰጠን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝ። ወላጅ እናቴ የልባቸው ምት በመዛባቱ ዲጎክሲን፣ እግራቸው ስለሚያብጥ ደግሞ ውኃ የሚያስወጣውን ፉሮሲማይድ ይወስዳሉ። ባለፈው ግንቦት ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን ምግብ አስጠላቸው፣ ያቅለሸልሻቸውም ጀመር፤ አንድ ምሽት ነጩን አምፖል እያዩ «ይኼ መብራት ለምን ቢጫ ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። እኛ ማቅለሽለሹን በጨጓራ፣ ድካሙን በሙቀት እያመካኘን ስድስት ቀን ቆየን። ሐኪም ዘንድ ስናደርሳቸው የልባቸው ምት በደቂቃ 44 ነበር። ዲጎክሲኑ በደማቸው ውስጥ ከመጠን በላይ እንደተጠራቀመ፣ ፉሮሲማይዱ ፖታሺየም ስለሚያሟጥጥም ጉዳቱ እንደሚብስ የሰማነው ያን ዕለት ነው። መድኃኒቱን የተቀበልንበት ከረጢት ላይ የተጻፈው «በቀን 1 ጊዜ» የሚል ብቻ ነበር።

በመስኮቱ ፊት ያለውን ሰልፍ ስለማውቅ የመድኃኒት ባለሙያዎችን አልወቅስም። ሆኖም ለልብ ምት የሚሰጡ መድኃኒቶች በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ የሆነባቸው ስላሉ፣ ሕመምተኛው የመድኃኒቱን ጉዳት ምልክት ሳያውቅ ወደ ቤቱ ሊሸኝ አይገባም። ለምሳሌ አሚዮዳሮን የተባለው የልብ ምት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ቆዳው በፀሐይ በቀላሉ እንደሚቃጠል፣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከጀመረው ሳንባው ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መምጣት እንዳለበት፣ የእንቅርት ዕጢውና የጉበቱ ምርመራም በየ6 ወሩ እንደሚያስፈልገው ካልተነገረው በድሬዳዋ ፀሐይ እንዴት ራሱን ይጠብቃል? መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከሰውነት አይወጣም። ፈርቶ በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ስለሆነ ይህም አብሮ ይነገረው።

ጫት የልብን ምት እንደሚያፋጥንም ያለ ይሉኝታ ይነገር፤ በእኛ አካባቢ ሕመምተኛው አፍሮ አይናገርም፣ ጠያቂም የለውም።

ትምህርቱ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛም ይሁን፤ ሕመምተኛው የሰማውን በራሱ አንደበት መልሶ እንዲናገር ይደረግ። እናቴን ያስተማረቻቸው ነርስ ሁለት ጣታቸውን በአውራ ጣታቸው በኩል ባለው የእጃቸው አንጓ ላይ አስቀምጣ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ አብራቸው ቆጠረች፤ ከ60 በታች ከሆነ ክኒኑን ሳይውጡ እንዲደውሉም ነገረቻቸው። እናቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ አሁን ግን ጠዋት ጠዋት እኔ ሰዓት እያየሁ እሳቸው የልባቸውን ምት ይቆጥራሉ። ለዚህ ትምህርት የፈጀው ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ መድኃኒቱ በታዘዘ ዕለት ሊሰጠን ይችል ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕመምተኛዋ ልጅ፣ ድሬዳዋ